በ300 ሺህ ብር ሠርግ ስንደግስ ያየነው

እኔና ባለቤቴ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተጋባን። ለሠርጉ የያዝነው ገንዘብ 300,000 ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 130,000 ብሩን ሁለታችን በሁለት ዓመት አጠራቀምነው፤ 84,000 ብሩ ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር በየወሩ 7,000 ብር እየጣለ የደረሰው እቁብ ነው፤ 36,000 ብሩ ደግሞ እኔ ከመምህራን ባልደረቦቼ ጋር በወር 3,000 ብር የምጥለው እቁብ ነው፤ የቀረውን 50,000 ብር የሁለታችንም ወላጆች አዋጡልን። ገና ሽማግሌ ሳይላክ ለሠርጉ ብለን ከማንም ላለመበደር ቃል ተግባብተን ነበር፤ ምክንያቱም ከእኛ በፊት ያገቡ ሁለት ጓደኞቼ የሠርጋቸውን ዕዳ ልጅ ከወለዱም በኋላ ሲከፍሉ አይቻለሁ። አሁን ለማግባት የሚያስቡ ጓደኞቼ «እንዴት አብቃቃችሁት?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ የተሳካልንንም የተሳሳትነውንም እንዳለ ለመጻፍ ወሰንኩ።

ብዙ ሰው የሠርግ ዝግጅት ሲጀምር መጀመሪያ አዳራሽ ይጠይቃል ወይም ቬሎ ይመርጣል። እኛም እንደዚያው ጀመርን፤ ትልቁ ስህተታችንም እዚያው ላይ ነበር። ኅዳር ላይ አንድ አዳራሽ አየንና ወደድነው። ዋጋው ምግብን ጨምሮ ለአንድ ሰው 900 ብር ነው ተባልን። እኛ ማንንም ሳናማክር 240 ሰው እንጠራለን ብለን ገምተን ስለነበር፣ 216,000 ብር ይሆናል ብለን በደስታ 10,000 ብር ቀብድ ከፈልን። ከሳምንት በኋላ የጽሑፍ ውሉ ሲመጣ ግን ከዋጋው በላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ድምር ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንደሚጨመር አነበብን። 216,000 የነበረው 273,240 ብር ሆነ። ለልብስ፣ ለቀለበት፣ ለፎቶ፣ ለመልሱ፣ ለሁሉም የሚተርፈን 26,760 ብር ብቻ ነበር። ባለቤቴ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ደምሮ ካልኩሌተሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም አልን።

ቀብዱን መልሱልን ብንልም አልመለሱልንም። በኋላ አንድ የሕግ ባለሙያ ዘመዳችን እንዳስረዱን፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እኛ የተውነው ወገን ስለሆንን 10,000 ብሩ ቀረ። ስለዚህ ማንም ቢሆን ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ውሉን በጽሑፍ ተቀብሎ ቤቱ ወስዶ እንዲያነበው፣ የተነገረው ዋጋ ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን ይጨምር እንደሆነ በግልጽ እንዲጠይቅ፣ መብራት ቢጠፋ የጄኔሬተሩን ነዳጅ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ከተባለው ሰዓት ቢታለፍ ምን እንደሚከፈል፣ የተረፈው ምግብ የማን እንደሆነ አስቀድሞ እንዲያጽፍ አጥብቄ እለምናለሁ። እነዚህን መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እኛ አፍረን ነው የከሰርነው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩን ከሥሩ የጀመርነው። አዳራሹም፣ ምግቡም፣ መጠጡም፣ ወንበሩም፣ የጥሪ ወረቀቱም የሚባዛው በሰው ቁጥር ነው፤ የሰው ቁጥር ሳይወሰን የሚሠራ በጀት ሁሉ ግምት ብቻ ነው። የሰውን ቁጥር የሚወስኑት ደግሞ ሙሽሮቹ ብቻ አይደሉም። አባቴ ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር አለው። በዚያ ደብተር ውስጥ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የተጠራበት ሠርግ፣ የሄደበት ክርስትና፣ ያስቀበረው ሰው ሁሉ በስም በስም ተጽፎ ይገኛል። ደብተሩን ገልጦ የጻፈልን ዝርዝር 310 ሰው ነበር። የባለቤቴ ወላጆች በበኩላቸው 230 ሰው አመጡ። ድምሩ 540 ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ተከራከርን። እኔ የገንዘቡን ነገር ሳስረዳ አባቴ በእርጋታ ሰምቶኝ «የኔ ልጅ፣ የሰው ድግስ ስበላ ኖሬ የራሴን ልጅ ስድር በሬን ዘግቼ አልበላም» አለኝ። ይህን ይሉኝታ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ለእኔ አይቻለኝም። እኛ ቤት ሠርግ ማለት የተቆጠረ ብድር መመለሻም ጭምር ነው፤ አባቴ ሰው ሳይጠራ ቢቀር በዕድሜው ሁሉ የጠበቀውን ወዳጅነት እንዳፈረሰ ይሰማዋል። ስለዚህ «ቀንስ» ማለቱን ትቼ ደብተሩን ይዤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሦስት ምሽት ሙሉ ስም በስም አነበብነው። ከዝርዝሩ ውስጥ በሕይወት የሌሉ ነበሩ፤ ከከተማ የወጡ ነበሩ፤ አባቴ ራሱ «ከዚህ ሰው ጋር ከተያየን አሥር ዓመት አለፈን» ያላቸው ነበሩ። በእያንዳንዱ ስም ላይ የኖረውን ታሪክ ይነግረኝ ስለነበር፣ እነዚያ ሦስት ምሽቶች ከዝግጅቱ ሁሉ ለእኔ በጣም የሚወደዱት ሆነው ቀርተዋል።

በመጨረሻ የደረስንበት ስምምነት ይህ ነው። ለሠርጉ ምሳ 240 ሰው ይጠራል። መልሱና ቅልቅሉ ለየብቻ መደገሳቸው ቀርቶ ከሠርጉ በኋላ ባለው እሑድ በወላጆቼ ግቢ በአንድ ላይ ይደረጋል፤ ለዚያም 90 የቅርብ ዘመድ ይጠራል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሠርጉ ላይ ያልተጠሩ የሰፈርና የእድር ሰዎች ለቡናና ለድፎ ዳቦ ይመጣሉ። መልስና ቅልቅልን ማዋሐድ የሁለቱንም ወገን ሽማግሌዎች ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ነገሩን ያነሳነው በጥሎሹ ቀን፣ ሁሉም በተሰበሰቡበትና ፊታቸው በበራበት ሰዓት ነበር። የባለቤቴ አባት «ሁለት ድግስ ከምንደግስ ያንን ገንዘብ ልጆቹ ቤት ይከራዩበት» ብለው ሲደግፉን ጉዳዩ እዚያው ተቋጨ። ልንጠራቸው ላልቻልናቸው ሰዎች አባቴ ራሱ ስልክ ደወለ። የተቀየመ ካለ እስካሁን አልሰማንም።

ቀኑን የመረጥነው በአጋጣሚ አልነበረም። በአዲስ አበባ ሠርግ የሚበዛው በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ነው። በነዚያ ወራት ቅዳሜና እሑድ አዳራሽ ማግኘት ከባድ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ባለቤቴ አንድ ቀን ካላንደር እያገላበጠ ሳለ ሚያዝያ 27 የአርበኞች መታሰቢያ በዓል በመሆኑ መሥሪያ ቤት እንደሚዘጋ፣ በዚያ ዓመት ደግሞ ዓርብ ላይ እንደሚውል አየ። ዓርብ ስለሆነ ለሠርግ የሚፈልገው ሰው የለም፤ ሁሉም «ጾም ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 8 ስለነበር ዕለቱ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው፤ በእነዚያ 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ንስሐ አባታችንን ጠይቀን ወርኃዊው የመድኃኔዓለም ቀን እንደሆነም ነገሩን፤ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰን ሥርዓቱ እንዲፈጸምልን ተስማሙ። ሣር ያለው ሰፊ ግቢ የሚያከራይ ሰው አገኘንና፣ እሑድ ከሚጠይቁት በግማሽ በሚሆን፣ በ25,000 ብር፣ ምግቡን ራሳችን እንድናመጣ ፈቅደው ሰጡን። እያንዳንዱ ዓመት እንዲህ ያለ ቀን አይኖረውም፤ ሆኖም ካላንደሩን ከበዓላቱና ከአጽዋማቱ ጋር አስተያይቶ ማየት ለማንም የሚጠቅም ይመስለኛል።

ወደ ምግቡ ልመለስ፤ ከገንዘባችን ግማሽ ያህሉ የሄደው ወደዚያ ነውና። የምግቡን ኃላፊነት የወሰዱት በሰፈራችን ለሠርግና ለተዝካር ወጥ የሚሠሩ አንዲት እናት ናቸው። ከሠርጉ አራት ወር በፊት እናቴና እኔ ቤታቸው ሄደን ስናማክራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ሰው ነው?» የሚል ነበር፤ ሁለተኛው «ቅቤውን ገዝታችኋል?» የሚል። ቅቤ መግዛት ያለብን በሁዳዴ መካከል፣ ጿሚው በዝቶ ፈላጊው ሲቀንስ እንጂ ለፋሲካ ሲቃረብ እንዳልሆነ ነገሩን። እንዳሉት መጋቢት ላይ 14 ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዝተን እናቴ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ አነጠረችው። በርበሬውም ጥር ላይ ተገዝቶ፣ ታጥቦ፣ ተደልዞና ደርቆ ተፈጭቷል። በሬውን ግን ያላችሁን ገንዘብ ይዛችሁ ፋሲካ እስኪያልፍ ታገሡ አሉን። በፋሲካ ሰሞን ከ80,000 ብር በታች የሚሸጥልን አጥተን የነበረውን የሚያህል በሬ፣ ሁለት ሳምንት ቆይተን ከካራ የከብት ገበያ በ65,000 ብር ገዛን።

ሌላው የምክራቸው ፍሬ ዶሮ ወጥን ከሠርጉ ቀን ማውጣታችን ነው። ከአንድ ዶሮ የሚወጣው 12 ብልት ነው፤ ለ240 ሰው ለእያንዳንዱ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ለማድረስ 20 ዶሮ፣ 240 እንቁላል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ለመገነጣጠልና ለማጠብ የብዙ ሰው ጉልበት ይጠይቃል። «ዶሮው ለመልሱ ነው የሚያምረው፤ ሰው ተቀምጦ ተረጋግቶ ሲበላው» አሉን። ስለዚህ ለሠርጉ ቀን ከበሬው ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ጥብስና ክትፎ በአይብና በጎመን አዘጋጀን፤ ለመልሱ 8 ዶሮ በቃን።

ረቡዕ ማታ የነበረውን ሁኔታ መቼም አልረሳውም። የእድራችን ሴቶች በወላጆቼ ግቢ ተሰበሰቡ። 60 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በጆንያ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አሥራ አንድ ሴቶች በክብ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሲልጡና ሲከትፉ፣ ግቢው በሙሉ እንባ በእንባ ሆነ፤ ሳቁና ዘፈኑም አልቀረም። ወጥ ሠሪዋ በሦስት ጉልቻ ላይ የእድሩን ትልልቅ ድስት ጥደው ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ፣ መልኩ ጠቁሮ ወደ ማር እስኪጠጋ ድረስ እኩለ ሌሊት አሳልፈው አማሰሉት። «ቁሌቱ ካልበሰለ ቅቤ ብትጨምሪበትም አያድነውም» ብለው ማማሰያውን ሰጡኝና ለጥቂት ጊዜ አማሰልኩ፤ እጄ ወዲያው ዛለ። እሳቸው በ60 ዓመታቸው አራት ሰዓት ሙሉ ሲያማስሉ አንድም ጊዜ አልተቀመጡም። ቁሌቱ ከዋዜማው በፊት ስላለቀ ሐሙስ የቀረው ሥጋውን መጨመር ብቻ ነበር፤ ጥድፊያም ብክነትም አልነበረም።

እንጀራውን በስድስት ቤት አከፋፈልነው። ጤፉን እኛ ገዝተን አስፈጭተን ለእያንዳንዱ ቤት ሰጠን፤ እያንዳንዱ ቤት 100 እንጀራ ጋግሮ ዓርብ ጠዋት በመሶብ አመጣ። ጠላውን እናቴና አክስቴ ከሁለት ሳምንት በፊት ጠነሰሱት። ለስላሳና ቢራ 40 ሣጥን የወሰድነው ያልተከፈተውን መመለስ እንደምንችል ከአከፋፋዩ ጋር በጽሑፍ ተስማምተን ነው፤ 9 ሣጥን መለስን። ይህን ስምምነት የማይፈቅድ አከፋፋይ ካለ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

እዚህ ላይ ግን በብርቱ የማምንበትን አንድ ነገር ልናገር። የጎረቤት ጉልበት ገንዘብ ስለማይከፈልበት ብቻ ነፃ አይደለም። በብዙ ሠርግ ላይ ያበሰሉት እናቶች ድግሱን ሳያዩ፣ ጢስ በጠገበ ልብሳቸው ድስት ሲያጥቡ ይውላሉ። እኛ ከፎቶው በጀት ላይ ቀንሰን፣ ስምንት የሰፈር ወጣቶች በቀን ክፍያ ቀጥረን እንዲያቀርቡና እንዲያነሱ አደረግን። ወጥ ሠሪዋም፣ ሽንኩርት የከተፉትም ዓርብ ጠዋት ቤታቸው ሄደው ታጥበው፣ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጥተው ከሁለተኛው ጠረጴዛ ተቀመጡ። በጀት የሚያጣብበው ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ይህንን እንዳይሆን እለምናለሁ።

ስለ ልብሱ ብዙ የምለው የለኝም። ቬሎ ለአንድ ቀን ኪራይ 28,000 ብር ተጠየቅሁ። ኅዳር ላይ፣ የገናና የጥምቀት ግርግር ሳይጀምር፣ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ከአንድ ሸማኔ ጋር ተነጋገርኩና ነጭ በወርቃማ ጥለት፣ ከኋላው የሚጎተት ቀሚስ አሠራሁ፤ ሸማውም ስፌቱም አንድ ላይ 19,000 ብር ፈጀ። ሸማኔው ጥለቱን እያሳየኝ አንዱን ቀለም ከአንዱ ጋር ሲያስተያይ በጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ እግሩ መርገጫውን፣ እጁ መወርወሪያውን ሳያቋርጥ ነበር። ያንን ቀሚስ ከዚያ ወዲህ በሁለት ጥምቀት ለብሼዋለሁ። ባለቤቴ የገዛው ሱፍ ዛሬም ለሥራ የሚለብሰው ነው። ለመልሱ የለበስነውን ካባ የአጎቴ ልጅ ከሠርጓ ካስቀመጠችው አዋሰችን። ሚዜዎቻችን ሦስት ወንድና ሦስት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ሴቶቹ ያላቸውን የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ነጠላ ብቻ ገዛንላቸው።

ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ያለበት ወር በመሆኑ ሜዳ ላይ ያለ ድንኳን መደገስ አንችልም ነበር። የእድራችን ድንኳን ለአባላት በአነስተኛ ክፍያ ይሰጣል፤ እናቴ ግን «ለቅሶ የተቀመጥንበት ድንኳን ሥር ልጄን አልድርም» ብላ አስጨነቀችን። የእድሩ ሰብሳቢ መጥተው «እህቴ፣ ድንኳኑ የእኛው ነው፤ በኀዘን የጠለልንበት በደስታችንም ይጠለልልን» ብለው አግባቧት። የድንኳኑን ውስጥ በሙሉ በነጭ አቡጀዲ ሸፈንነው። መሬቱ ላይ ቄጠማ ጎዘጎዝን። አበባውን ከዲኮር ሠራተኞች ሳይሆን ለውጭ ገበያ ያልሆነውን ጽጌረዳ ከሚሸጡ ነጋዴዎች በዋዜማው ገዝተን፣ ተማሪዎቼ የነበሩ አራት ልጃገረዶች ሌሊቱን በእንስራና በገንቦ ውስጥ አሰናድተው በየጠረጴዛው አኖሩት። ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በእርግጥም ዘነበ፤ ዝናቡ ድንኳኑ ላይ ሲወርድ አክስቶቼ ከበሮውን አንስተው በእልልታ ሸፈኑት። ዲጄውም የሚያጫውተውን አቁሞ አብሮ ጨፈረ።

ለመኪና አጀብ ገንዘብ አላወጣንም፤ የአጎቴ መኪና በጽጌረዳ ታስሮ በቂ ነበር። የጥሪ ካርድ ለሽማግሌዎችና ለታላላቆች 70 ብቻ አሳትመን አባቴና የባለቤቴ አባት በእጃቸው አደረሱ፤ ለጓደኞቻችን በቴሌግራም ላክን። ፎቶ አንሺና ቪዲዮ ቀራጭ አንድ አንድ ያዝን። ሰው የሚያመጣውን ስጦታ በበጀቱ ውስጥ አላስገባንም፤ የመጣውም ለቤት ዕቃ ሆነ። መጠባበቂያ ብለን ለይተን አለማስቀመጣችን ግን ጎድቶናል፤ በመጨረሻው ሳምንት የማገዶ፣ የጭነት መኪና፣ የውኃ ቦቴ ወጪ ተደራርቦ አስጨነቀን። ከመቶ አሥሩን እጅ ሳይነኩ ማቆየት ያስፈልጋል። ጠቅላላ ወጪያችን 311,000 ብር ሆነ፤ ከተባለው በላይ ከሄደው ውስጥ 10,000 ብሩ ያ የቀረብን ቀብድ ነው።

ጋብቻውን ለማስመዝገብ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ወረዳው መሄድ እንዳለብን እናውቅ ስለነበር ከየወገናችን ሁለት ሁለት ምስክሮችን፣ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠንን ማስረጃና ፎቶ ይዘን በቀጣዩ ሳምንት ጨረስን።

እሑድ ማታ፣ የመልሱ እንግዳ ከሄደ በኋላ፣ የእድሩን ድስትና ወንበር ቆጥረን ጭነን ስንመለስ አባቴ በረንዳው ላይ መነጽሩን አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ሰማያዊው ደብተር ጭኑ ላይ ተገልጧል። ሽንኩርት የከተፉትን አሥራ አንድ ሴቶች፣ እንጀራ የጋገሩትን ስድስት ቤቶች፣ ከበሮ ያመጡትን፣ ካባ ያዋሱንን በአዲስ ገጽ ላይ አንድ በአንድ ይጽፋል። «የሦስተኛው ቤት ልጅ ስሟ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩትና ጻፈው።